እህቴ «መቼ ነው የጀመረኝ?» ስትል

ታላቅ እህቴ ሐኪሙ ፊት ተቀምጣ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። እድናለሁ ወይ አላለችም፣ ስንት ይፈጃል አላለችም። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብሰብ አደረገችና «ዶክተር፣ መቼ ነው የጀመረኝ?» አለችው።

ግንቦት 2010 ዓ.ም. ነበር። እሷ 49 ዓመቷ። ከሐይቅ ደሴ አምጥቼ ያስመረመርኳት እኔ ነኝ። የናሙናው ውጤት የማህፀን በር ካንሰር መሆኑን ተናግሯል፤ ሐኪሙ በእጁ መርምሮ፣ በአልትራሳውንድም አይቶ፣ ዕጢው እስከ ዳሌዋ ግድግዳ ደርሷል፣ ደረጃ ሦስት ነው አለን። ወጣት ሐኪም ነው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረና «እናቴ፣ ደሙን ካዩ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» ሲል መልሶ ጠየቃት።

«ዓመት ሳይሆነኝ አይቀርም» አለች። እኔም የሰማሁት ያኔ ነው።

«ደሙ ዓመት ይሆነዋል። ነገሩ ከጀመረ ግን 15 ዓመትም፣ 20 ዓመትም ሆኖት ሊሆን ይችላል» አላት።

እታለም ዝም አለች። እኛ ቤት ታላቅ እህት እታለም ነው የምትባለው። እኔ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ያኔ ለ14 ዓመት የሴል ክፍፍልን ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስተምሬያለሁ። 20 ዓመት ሙሉ በሰው ገላ ውስጥ ተቀምጦ፣ ድምፁን ሳያሰማ የሚያድግ ነገር ምንድን ነው? ከሆነስ፣ በእነዚያ 20 ዓመታት ውስጥ ማንም አንድ ቀን ገልጦ ቢያየው ምን ይሆን ነበር? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሳኝ አነበብኩ፣ ሐኪሞችንም እየተመላለስኩ ጠየቅሁ። የተረዳሁት ነገር ለእህቴ ዘግይቶ ደረሰ። ለእኔ በጊዜው ደርሶልኛል። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በመጀመሪያ ያቺን አንድ ዓመት ልናገር፣ ብዙ ሴቶች የሚያልፉባት ስለሆነች። የወር አበባዋ ከቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ቀን ደም ጠብ ሲልባት «ተመለሰ ማለት ነው» ብላ ተወችው። ከወር በኋላ ደገማት። ቀጥሎ እንደ ሥጋ እጣቢ ያለ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ መጣ። በየቀኑ ጨርቅ ትቀይራለች፣ ታጥባለች፣ ከጓሮ ሰው በማያይበት ታሰጣለች። ከዚያ ከማኅበር ቀረች። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም ነፋስ እንዲያገኛት በር አካባቢ ትቆም ነበር። እኔ ለፋሲካ ሄጄ ከስታ ሳያት የጾሙ ነው አለችኝ፤ አመንኳት። ሁለት ሱባኤ ጸበል ገብታለች። ጸበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ያንገበገበኝ የጸበሉ ቦታ ድረስ በእግሯ የተጓዘች ሴት፣ ጤና ጣቢያው ከቤቷ 20 ደቂቃ ላይ እያለ፣ ስለ ኀፍረት ብላ መቅረቷ ነው።

አሁን ወደ ሐኪሙ መልስ ልመለስ።

የማህፀን በር ማለት ማህፀን ወደ ብልት የሚከፈትበት ጠባብ አንገት ነው። እዚያ ሁለት ዓይነት ሴሎች ይገናኛሉ። በውስጥ በኩል ንፍጥ መሰል ፈሳሽ የሚሠሩ፣ በአንድ ረድፍ የቆሙ ሴሎች አሉ። በውጭ በኩል ደግሞ ተደራርበው የተነጠፉ ሴሎች። ሴት ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ ስትወልድም፣ ይህ ድንበር ቦታውን ይቀይራል፤ የውስጦቹ ሴሎች ወደ ተነጣፊነት ይለወጣሉ። ካንሰሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ለውጥ ላይ ካለ ቀጠና ነው።

ንጣፉ ሥርዓት አለው። የሚካፈሉት ከታች፣ ከወለሉ ላይ ያሉት ክብ ክብ ሴሎች ናቸው። አዲስ የተወለደው ሴል ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይጠፈጠፋል፣ መጨረሻ ላይ ተቀርፎ ይወድቃል። ከወለሉ ሥር ስስ ሽፋን አለ፤ ከእሱ በታች የደም ሥሩና ሌላው ሥጋ ይገኛል። ተማሪዎቼን የወሎን እርከን አስቡ እላቸዋለሁ። ጎርፉ ምንም ቢበዛ እርከኑ እስካልተጣሰ ድረስ ማሳው የራሱ ነው። ያቺ ስስ ሽፋን እርከኗ ናት። ቅድመ ካንሰር፣ ማለትም ገና ካንሰር ያልሆነው የሴሎች መዛባት፣ እና ካንሰር የሚለዩት በእሷ ነው።

ነገሩን የሚጀምረው ቫይረስ ነው፣ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤችፒቪ። ከ200 በላይ ዓይነት አለው። አንዳንዱ የእጅ ኪንታሮት ያወጣል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ካንሰር ላይ የሚያደርሱት ደርዘን ያህል ናቸው፤ ከእነሱም 16 እና 18 የሚባሉት ሁለቱ ብቻ በዓለም ላይ ካለው የማህፀን በር ካንሰር ውስጥ 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ሱር ሐውዘን በ1983 እ.ኤ.አ. 16ኛውን፣ በዓመቱ 18ኛውን ከካንሰሩ ናሙና ውስጥ አገኘ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይህንን ለእህቴ ስነግራት «እርግማን አይደለም እንዴ ታዲያ?» ብላኛለች። አንድ ዓመት ሙሉ የተሸከመችው ይህንን ነበር።

ቫይረሱ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ በዓይን በማትታይ ጭረት በኩል ይገባና የወለሉን ሴሎች ይይዛል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ትዳር የያዘ ሰው አብዛኛው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ይህ ቫይረስ ያገኘዋል። ከ10 ሴቶች 9ኙ ያህል ደግሞ፣ ገላቸው ራሱ በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ያጠፋዋል፤ መያዛቸውንም መዳናቸውንም አያውቁትም። ካንሰር የሚሆነው ሳይጠፋ ዓመታት በቆየባቸው ጥቂቶች ላይ ነው። ቫይረስ ተገኘብሽ ማለት ካንሰር ያዘሽ ማለት አይደለም።

በቆየባቸው ላይ ምን ይሠራል? ማንኛውም ጤነኛ ሴል ፍሬንም ዘበኛም አለው። ፍሬኑ አርቢ የሚባል ፕሮቲን ነው፤ አትካፈል፣ ጊዜህ አይደለም ይላል። ዘበኛው ፒ53 ነው፤ የሴሉ ዲኤንኤ ከተጎዳ ክፍፍሉን ያስቆምና አስጠግን ይላል፣ የማይጠገን ከሆነ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። አደገኞቹ ቫይረሶች ሁለት መሣሪያ አላቸው። ኢ7 የሚባለው ፍሬኑን ይዞ ያላላል። ኢ6 የሚባለው ዘበኛውን ለጥፋት አሳልፎ ይሰጣል። ሴሉ ወዲያው ካንሰር አይሆንም። ገና መካፈል ማብዛቱ ነው። ግን ሲካፈል ስህተት ይሠራል፣ ስህተቱን የሚያርም የለም፣ በስህተቱ ላይ ሌላ ስህተት ይደረባል። ዓመታቱ የሚሄዱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ደግሞ የቫይረሱ ዲኤንኤ ተሰብሮ ከሴሉ ዲኤንኤ ጋር ይሰፋል፤ ያኔ ኢ6ን እና ኢ7ን የሚገታው ክፍል ይጠፋና ሁለቱ ያለ ልክ ይመረታሉ።

ሐኪሞች መንገዱን በሦስት ይከፍሉታል። የተዛቡት ሴሎች ከወለሉ ተነስተው የንጣፉን አንድ ሦስተኛ ከያዙ አንደኛ፣ ሁለት ሦስተኛ ከያዙ ሁለተኛ፣ እስከ ጣራው ከሞሉት ሦስተኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር ይባላል። ይህ «ደረጃ» ለእህቴ ከተነገራት የካንሰር ደረጃ ጋር አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይደባልቀዋል፣ እኔም ደባልቄው በድንጋጤ ሁለት ቀን አልበላሁም። አንደኛው ብዙውን ጊዜ በራሱ ይመለሳል። ሦስተኛው ግን በራሱ የመመለሱ ነገር አያስተማምንም። በኒውዚላንድ ሦስተኛው ላይ ደርሰው በቂ ሕክምና ያላገኙ ሴቶች ለ30 ዓመት ሲታዩ፣ ከ100ው 31 ያህሉ ወደ ካንሰር ተሻግረዋል። በጊዜው የታከሙት ግን ከ100ው አንዷም አይሞሉም።

መሻገር ማለት እርከኗን መጣስ ነው። ያቺ ስስ ሽፋን ተበስታ ሴሎቹ ወደ ታች ከገቡ ካንሰር ይባላል። ከእንግዲህ ዕጢው የራሱን የደም ሥር ያበጃል፣ በሊምፍ (የሰውነት ውኃማ ፈሳሽ) ቧንቧዎች በኩል ወደ ንፍፊቶች ይሄዳል። በማህፀኑ በር ብቻ ሳለ ደረጃ አንድ፣ ዙሪያውን ሲነካ ሁለት፣ እስከ ዳሌ ግድግዳ ወይም እስከ ብልት የታችኛው ክፍል ሲደርስ፣ የሽንት መስመርንም ሲዘጋ ሦስት፣ ፊኛ ወይም ፊንጢጣ ውስጥ ሲገባ ወይም ሩቅ አካል ላይ ሲታይ አራት ነው።

እና ለምን አያምም? እህቴ ከምንም በላይ የገረማት ይህ ነበር። ያ ተነጣፊ ክፍል የራሱ የደም ሥር የለውም፤ የማህፀን በርም ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገሩ ንጣፉ ውስጥ ሳለ የሚደማ ነገር የለም፣ የሚያምም ነገር የለም። ደም የሚታየው ዕጢው ያበጃቸው ስስ የደም ሥሮች ሲቆራረጡ ነው። ከግንኙነት በኋላ የሚመጣ ደም፣ በወር አበባ መሃል የሚመጣ ደም፣ ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የወገብና የዳሌ ሕመም፣ ሲብስም የአንድ እግር ማበጥ። እነዚህ ከታዩ አንድ ሳምንት እንኳ አትቆዩ። ግን ከመታየታቸው በፊት ያሉት ዓመታት ናቸው ዋጋ ያላቸው፤ እነዚያን ደግሞ ምልክት አይነግራችሁም።

በ1951 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ባልቲሞር በዚሁ በሽታ በ31 ዓመቷ የሞተች ሄንሪዬታ ላክስ የምትባል እናት ነበረች። ጤነኛ ሴል ላቦራቶሪ ውስጥ 50 ጊዜ ያህል ተካፍሎ ይቆማል። ከእሷ ዕጢ ላይ፣ ፈቃዷን ሳይጠይቁ የወሰዱት ሴል ግን እስከ ዛሬ በዓለም ላቦራቶሪዎች እየተካፈለ ነው። በውስጡ ያለው 18ኛው ኤችፒቪ ነው። ይህንን ለዓመታት ለተማሪዎቼ እንደ አስደናቂ ነገር ስነግር ኖሬ፣ እህቴ ከታመመች በኋላ ግን ድምፄ ሳይሰበር ተናግሬው አላውቅም።

እህቴን ለጨረር ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉላት። ቀጠሮው ከአምስት ወር በኋላ ሆነ። በእነዚያ አምስት ወራት ያየሁትን ሁሉ አልዘረዝርም። ጥቅምት 2011 ሕክምናው ተጀመረ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ 25 ጊዜ ጨረር፣ በሳምንት አንድ ቀን ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት። በሦስተኛው ሳምንት ደሙ ቆመ። የአክስታችን ልጅ ቤት አርፈን ነበር፤ ማታ ማታ አንሶላውን ገልጣ ታይና «ነጭ ነው» ትለኛለች። ደረጃ ሦስት ላይም የሚድኑ አሉ፤ ዘግይቷል ተብሎ ሰው እቤት መቀመጥ የለበትም።

እዚያ ወረፋ ስንጠብቅ ነው አንዲት ሲስተር ወደ እኔ ዞራ «አንቺስ፣ ስንት ዓመትሽ ነው?» ያለችኝ።

«36»

«ታይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ምንም አያመኝም»

«እሱን አልጠየቅሁሽም፣ የኔ እህት» አለችኝ፤ ረጋ ብላ ነው ያለችኝ። እህቴ ስለታመመች በዘር ይመጣብሻል ብላ እንዳልሆነም ነገረችኝ። 30 ዓመት የሞላት ሴት ሁሉ መታየት አለባት፤ ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ከ25 ዓመቷ ጀምሮ፣ እሱም ቶሎ ቶሎ። የሰውነት መከላከያ ሲደክም 15 እና 20 ዓመት የሚፈጀው መንገድ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊያጥር ይችላልና።

ደሴ እንደተመለስኩ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የወር አበባ ላይ ባልሆንኩበት ቀን፣ ከዋዜማው ጀምሮ ግንኙነት ሳላደርግ፣ ውስጤንም በሳሙና ሳልታጠብ። ካርድ አወጣሁ፤ ምንም አልከፈልኩም። አግዳሚው ላይ አምስት ሴቶች ነበርን፤ አንዷ ልጇን ጡት እያጠባች ነው። ማንም ማንንም አያይም።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አልጋው ላይ ወጥቼ እንደ ምጥ ጊዜ እግሬን ከፈትኩ። ሲስተሯ የብልት መክፈቻውን መሣሪያ ስታስገባ ቀዘቀዘኝ እንጂ አላመመኝም። «አሁን ኮምጣጤ ነው የምቀባሽ» አለችኝ። ከእንጀራ ጋር የምንበላው ሰላጣ ላይ የምናደርገው ያው ነገር ነው፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ። ሽታው ወጥ ቤቴን አስታወሰኝ። በጥጥ ቀባችና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አንድ ደቂቃ መጠበቅ ነው። የቆጣሪው ቀጭን ዘንግ አንድ ዙር እስኪዞር ድረስ ያቺን አንድ ዓመት የደበቀችውን እህቴን አስብ ነበር።

ጎንበስ ብላ በባትሪ መብራት አየች። ዝም አለች። ካርዴን ገለበጠችና ጀርባው ላይ ክብ ሣለች፣ መሃሉ ላይ ነጥብ። «ይህ የማህፀንሽ በር ነው። እንደ ሰዓት ቁጠሪው። ከ11 እስከ 2 ድረስ ነጭ ሆኗል» ብላ በእስክሪብቶ አጠቆረችው።

ነጭ የሚሆንበትን ምክንያት እኔው ራሴ መናገር እችል ነበር፤ ያኔ ግን አፌ ተያያዘ። የተዛቡ ሴሎች አስኳላቸው ትልቅ ነው፣ ተጨናንቀው የተቀመጡ ናቸው፣ ፕሮቲን ይበዛባቸዋል። አሲዱ ፕሮቲኑን እንደ እንቁላል ነጭ ለጊዜው ያረጋዋል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ነጥቶ ይታያል። ጤነኛው ክፍል ግን ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። ለማይክሮስኮፕ ከተማ መሄድ ሳያስፈልግ በአንድ ደቂቃ የሚያሳይ ነገር ይኸው ነው።

«ካንሰር ነው?» አልኳት።

«አይደለም። ካንሰር ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ዛሬውኑ እናቃጥለዋለን» አለችኝ። እንዲህ ይላሉ እንጂ የእኔ በእሳት አይደለም፣ በብርድ ነው፤ ክራዮ ይሉታል። ጋዝ ካለበት ሲሊንደር ጋር የተያያዘ ሽጉጥ የመሰለ መሣሪያ ነው፤ ጫፉ ማህፀኑ በር ላይ ያርፋል። ሦስት ደቂቃ ያበርዳል፣ አምስት ደቂቃ ያሳርፋል፣ እንደገና ሦስት ደቂቃ። ጋዙ ሲወጣ ያፏጫል። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ያለ ሕመም ተሰማኝ፣ ትንሽ አዞረኝ፣ ከአልጋው ወርጄ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩና በእግሬ ወጣሁ። አሁን ብዙ ቦታ በኤሌክትሪክ ግለት ነው የሚያደርጉት፤ ከደቂቃ በታች ይፈጃል።

ከዚያ በኋላ ስላለው ጊዜ ማንም በደንብ አይነግራችሁም፣ እኔ ልንገራችሁ። ለሦስት ሳምንት ተኩል ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይወርደኝ ነበር፣ አንዳንዴ ደም የነካው። ጽዳት መጠበቂያ አስቀድማችሁ ግዙ፣ ጥቁር ቀሚስ ልበሱ፣ አትደንግጡ። ትኩሳት ከመጣ፣ ፈሳሹ ከሸተተ፣ ደሙ ከበዛ ግን ወዲያው ተመለሱ። ቢያንስ ለአራት ሳምንት ግንኙነት የለም።

ይህንን ለባለቤቴ መንገር ከክራዮው ይልቅ ከብዶኛል። ማታ ቡና ጠጥተን ልጆች ከተኙ በኋላ ነገርኩት። «ከግንኙነት የሚመጣ ከሆነ ከየት መጣ?» አለኝ። ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል። በዚህ ጥያቄ ትዳራቸው የፈረሰ ሴቶች አውቃለሁ፣ ይህንን ጥያቄ ፈርተው ሳይታዩ የቀሩትም ብዙ ናቸው። የመለስኩለት እውነቱን ነው። ቫይረሱ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ይቀመጣል፤ ከመጋባታችን በፊት ከእኔም ከእሱም ሊሆን ይችላል፣ ማን እንዳመጣው የሚናገር ምርመራ የለም። በማግስቱ አብሮኝ ጤና ጣቢያ ሄደና ሲስተሯን ራሱ ጠየቃት። ያንኑ ነገረችው። ይህ ችግር ያለባችሁ ካላችሁ ባሎቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከእናንተ አፍ ከሚሰሙት ይልቅ ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው ሲሰሙት ይረጋጋሉ።

እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመለስ እኔ ቤት ሰነበተች። አንድ ቀን ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀመች «20 ዓመት ብሎኛል አይደል ያ ልጅ?» አለችኝ። ያነበብኩትን እንዲህ እንደጻፍኩት ነገርኳት፣ ወለሉን፣ እርከኗን፣ ዘበኛውን። እህቴ ዘመንን የምትቆጥረው በልጆቿ ነው። «20 ዓመት ከሆነ ሁለተኛው ልጄ ዳዴ ሲል ነው። 15 ከሆነ ደግሞ...» ብላ እጇን ምስሩ ላይ አቆመች። «ትንሿ ልጄ ሆዴ ውስጥ ሳለች እሱም አጠገቧ ነበር ማለት ነው?»

«ሊሆን ይችላል» አልኳት።

«ነክቷት ይሆን?»

«አልነካትም፣ እታለም»

ቀና ብላ ሳታየኝ ምስሩን ቀጠለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ያቺ ትንሿ ልጅ ከትምህርት ቤት መልእክት ይዛ መጣች። በዚያው በ2011 ዓ.ም. ነበር 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች የኤችፒቪ ክትባት በአገር ደረጃ የተጀመረው። ሰፈሩ ውስጥ «ልጆቹን መካን ሊያደርጓቸው ነው» የሚል ወሬ ተነዛ፤ አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት አስቀሩ። እህቴ ሻሿን አሰረች፣ ፀጉሯ ገና እየበቀለ ነበር፣ ልጇን በእጇ ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። በር ላይ ቆመው ለሚከራከሩት እናቶች «እኔን እዩኝ» ነው ያለቻቸው፣ ሌላ አልጨመረችም። ሦስቱ ተመልሰው ልጆቻቸውን ማምጣታቸውን መምህሯ ነግራኛለች። ክትባቱ የሚሠራው ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ስለሆነ ነው በልጅነት የሚሰጠው፤ ያለውን አያድንም። ያኔ ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው፤ ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ጊዜ ሆኗል፣ ለ9 ዓመት ልጆችም ደርሷል። የተከተበችም ልጅ አድጋ 30 ሲሞላት መታየቷ አይቀርም፣ ክትባቱ ሁሉንም ዓይነት አይሸፍንምና።

እህቴ በጥር 2013 አረፈች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ከማኅበሯ አልቀረችም።

እኔ በዓመቴ፣ ታኅሣሥ 2012፣ ተመልሼ ታየሁ። ያው ክፍል፣ ያው ኮምጣጤ፣ ያው ሰዓት። ሲስተሯ ካርዴን ገልብጣ አዲስ ክብ ሣለች፣ ምንም ሳታጠቁር ሰጠችኝ። አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ።

ባለፈው ዓመት ከምሠራበት ትምህርት ቤት ሰባት መምህራን ይዤ ሄድኩ። ለማሳመን ወር ፈጅቶብኛል፤ ሁሉም ያሉኝ እኔ ለሲስተሯ ያልኩትን ነው። ከሰባቱ የሁለቱ ነጭ ሆነ። አንዷ በዚያው ሰዓት ታክማ በማግስቱ ክፍል ገባች። የሁለተኛዋ ነጩ ነገር ወደ ውስጥ ቦይ ስለገባ ጤና ጣቢያው አልነካውም፤ ሪፈር ተጻፈላትና ሊፕ በሚባለው፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ ቆርጦ በሚያወጣው ሕክምና ተነሳላት። የፓቶሎጂ ወረቀቷን፣ ማለትም የተቆረጠው ሥጋ ተመርምሮ የተጻፈውን ውጤት፣ አብረን ነው ያነበብነው። ሦስተኛ ደረጃ ቅድመ ካንሰር፣ ጠርዙ ንጹሕ፣ እርከኑ ያልተጣሰ። 42 ዓመቷ ነው፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ምንም አያማትም ነበር። የክትትል ቀጠሮዋ መጋቢት ላይ ነው፤ አብሬያት እሄዳለሁ።